መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቪሱም አብሮ ይነሳ፦ የቅርንጫፍ ሰርቨሮችን ከአዳማ ሆኖ በአንሲብል ማስተዳደር

«ሲስተም የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ ሲስተሙ አለ። መብራት ሄዶ መጥቷል፣ ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩም ተመልሷል። ያልተነሳው አንድ ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ ሆኖ የሚሰራ ፕሮግራም ነው። ካሸሯ ግን ይሄን የማወቅ ግዴታ የለባትም። የምታየው ሰልፉ ሲረዝም ነው። «ወንድሜ፣ ሲስተም የለም እኮ፤ ሰው ቆሞብኛል» ብላ ትደውላለች።

ዋና ቢሮው አዳማ የሆነ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አሰላና መተሐራ ላይ ሱቅ ያለው ድርጅት እናስብ። በየሱቁ አንድ ትንሽ የኡቡንቱ ሰርቨር አለ። ላዩ ላይ ኤንጂንኤክስ (ገጾችን የሚያቀርብ ዌብ ሰርቨር)፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) እና የድርጅቱ የሽያጭ ፕሮግራም ይሰራሉ። አይቲው አንድ ሰው ነው። አንዲት ኮማንድ ለመምታት ከአዳማ መናኸሪያ ተሳፍሮ አሰላ ድረስ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለበት። እዚህ የምንሰራው እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ አራቱንም ሰርቨር በአንድ ፋይል እንዲያስተዳድር ነው። መሣሪያችን አንሲብል ነው፤ ከአንድ ማሽን ሆኖ ብዙ ሰርቨሮችን የሚያዝ ፕሮግራም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ኮማንዶቹን እዚህ የምጽፋቸው በሚነበቡበት ድምፅ ነው። ተርሚናል ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል፣ በትንሿ ፊደል ነው። የሲስተምዲ ዩኒት ፋይል መስመሮች («ሪስታርት=»፣ «አፍተር=» የመሳሰሉት) ግን በትልቁ ፊደል ይጀምራሉ፤ በ«ሪስታርትሰክ» ውስጥ የ«ሰክ» መጀመሪያም ትልቅ ነው።

መጀመሪያ ሲስተምዲን እንወቀው

ኡቡንቱ ከ15.04 ጀምሮ፣ ዴቢያን ከ8 ጀምሮ፣ ሬድሃት ደግሞ ከ7 ጀምሮ ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚከታተለው ሲስተምዲ ነው። ሊነክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጀምረው ፕሮሰስ፣ ቁጥር 1፣ እሱ ነው። ስለ እያንዳንዱ ሰርቪስ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት። አሁን እየሰራ ነው? ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል?

የመጀመሪያውን «ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-አክቲቭ» ይመልሳል፣ ሁለተኛውን «ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ»። ብዙ ሰው ሰርቪሱን «ስታርት» ብሎ ሲሰራ ካየ በኋላ ተርሚናሉን ዘግቶ ይሄዳል። «ኢኔብል» አላደረገውም። መብራቱ እስኪሄድ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። መብራት ሲመጣ ሰርቪሱ የለም፣ ምክንያቱም «አብረህ ተነሳ» ያለው ሰው የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት በየሰርቨሩ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ብላችሁ የወደቀ ነገር ካለ እዩ። በተበላሸ ነገር ላይ አውቶሜሽን ሲጫንበት ብልሽቱ በአንዴ አራት ቦታ ይደርሳል።

መንገዱ፦ ቅርንጫፉ ጋ እንዴት እንደርሳለን?

አንሲብል በኤስኤስኤች ነው የሚሄደው፤ ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ላይ ገብቶ ትዕዛዝ መስጫ መንገድ ነው። ሰርቨሮቹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም የለውም፤ ኤስኤስኤችና ፓይተን ካሉ በቂ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሱቆቹ ኢንተርኔት የሚያገኙት በሲም ካርድ ራውተር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚጠራ የራሳቸው አድራሻ የላቸውም። እነሱ መውጣት ይችላሉ፣ እኛ መግባት አንችልም።

ለዚህ የምመርጠው ዋየርጋርድን ነው፤ ማሽኖችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን። ቋሚ አድራሻ ያለው አንድ ማሽን መሃል ላይ ይቆማል፣ ቅርንጫፎቹ ወደሱ ይደውላሉ፣ እኛም በዚያው መስመር እንገባለን። በቅርንጫፎቹ ኮንፊግ ላይ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 ይሁን፤ አለበለዚያ ራውተሩ መስመሩን ይዘጋና ከውጭ ልናገኛቸው አንችልም። የመሃሉን ማሽን አድራሻ ደግሞ በስም ሳይሆን በቁጥር ጻፉት። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ ሊነሳ ይችላል፣ በዚያች ሰዓት ስም የሚፈታለት ዲኤንኤስ የለም።

ከሁሉም በፊት «ኢኔብል» የሚደረገው ሰርቪስ እንግዲህ ይሄው የዋየርጋርዱ ነው፣ ስሙ «ደብሊውጂ-ኩዊክ አት ደብሊውጂ0»። እሱ ካልተነሳ ሌላውን ማስነሻ መንገድ የለንም፤ ሚኒባሱ ይጠብቀናል። የሰዓት ሰርቪሱንም አትርሱ። ዋየርጋርድ ሰላምታ ሲለዋወጥ የጊዜ ማህተም ይልካል፣ ካለፈው ወደኋላ የሄደ ማህተም አይቀበልም። የእናት ቦርዱ ባትሪ የሞተበት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደኋላ ሊሄድ ስለሚችል በራችሁ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

አንሲብልን መጫንና ቁልፍ ማስገባት

አንሲብል የሚጫነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ የምንሰራበት መቆጣጠሪያ ማሽን ላይ። ኡቡንቱ ከሆነ በአፕት ይጫናል። ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ መቆጣጠሪያ አይሆንም፣ በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስ ማስኬጃ) ውስጥ ግን ይሰራል።

ምክሬ መቆጣጠሪያውን ላፕቶፓችሁ ላይ አታድርጉት ነው። ያው መሃል ላይ ያለው ማሽን ይሁን። ላፕቶፓችሁ ወደሱ ይገባል፣ እዚያ ቲመክስ (ግንኙነቱ ቢቆረጥም የማይዘጋ ተርሚናል) ትከፍታላችሁ፣ ስራው በቲመክሱ ውስጥ ይሄዳል። የቢሮው መብራት ቢሄድ ወይም የስልካችሁ ዳታ ቢያልቅ ስራው መሃል ላይ አይቆረጥም። ተመልሳችሁ ስትገቡ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ቁልፍ ፍጠሩ፦ «ኤስኤስኤች-ኪጅን» በኢዲ25519 ዓይነት። በየሰርቨሩ ለዚሁ ስራ ብቻ የሚሆን አንድ ተጠቃሚ ክፈቱ፣ የሱዶ (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ ስጡት፣ ቁልፉን በ«ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» አስገቡ። በቀጥታ በሩት (በዋናው የአስተዳዳሪ ስም) መግባት አቋራጭ ይመስላል፤ ግን ማን ምን እንደነካ በኋላ መለየት ይቸግራል።

የሰርቨሮቹ ዝርዝር

አንሲብል የትኞቹን ማሽኖች እንደሚያዝ የሚያውቀው ኢንቬንተሪ ከሚባለው ፋይል ነው። ቅርጹ ቀላል ነው፦

[ብራንችስ]
ሞጆ አንሲብል_ሆስት=10.8.0.11
ቢሾፍቱ አንሲብል_ሆስት=10.8.0.12
አሰላ አንሲብል_ሆስት=10.8.0.13
መተሐራ አንሲብል_ሆስት=10.8.0.14

ለሰርቨሮች በቁጥር ፈንታ የከተማውን ስም መስጠት ትንሽ ነገር ይመስላል። ውጤቱን ስታነቡ ግን «አሰላ ፌይልድ» የሚለው ወዲያው ይገባል፤ ማን ጋ እንደምትደውሉም ታውቃላችሁ።

የአንሲብልን የራሱን ኮንፊግ ፋይልም ሁለት ቦታ ንኩት። «ታይምአውት» ሳይነካ 10 ሴኮንድ ነው። ለእኛ ኔትወርክ 30 ይሻላል። «ፓይፕላይኒንግ» ደግሞ ትሩ ይሁን። ለእያንዳንዱ ተግባር የሚደረገውን ምልልስ ይቀንሳል፣ በቀርፋፋ መስመር ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አሁን «አንሲብል ብራንችስ -ኤም ፒንግ» በሉ። ይሄ እኛ የምናውቀው ተራ ፒንግ አይደለም። በኤስኤስኤች ገብቶ ፓይተን መኖሩን አይቶ ነው «ፖንግ» የሚለው። አራት ፖንግ ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

የመጀመሪያው ፕሌይቡክ

ፕሌይቡክ በሰርቨሮቹ ላይ የሚሰሩ ተግባሮች የሚዘረዘሩበት፣ ያምል በሚባል የአጻጻፍ ስልት የሚጻፍ ፋይል ነው። ያምል ታብ አይወድም፣ ክፍተቱ ሁሉ በስፔስ ይሁን። አንዷ ተግባር ይሄን ትመስላለች፦

- ኔም፦ ኤንጂንኤክስ እየሰራ ይሁን፣ መብራት ሲመጣም ይነሳ
  ሲስተምዲ፦
    ኔም፦ ኤንጂንኤክስ
    ስቴት፦ ስታርትድ
    ኢኔብልድ፦ ትሩ

ከላይኛዋ «ኔም» ቀጥሎ ያለውን መግለጫ በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል፣ አንሲብል ዩኒኮድ ያነባል። ከሱ በታች ያለው የሞጁሉ (ስራውን የሚሰራው የአንሲብል ክፍል) ቋንቋ ስለሆነ አይነካም። ሱዶ እንዲጠቀም ከላይ «ቢካም፦ ትሩ» ጨምሩ።

«ስታርትድ» የሚለውን ልብ በሉት። «አስነሳው» አላልንም፣ «ተነስቶ ይገኝ» ነው ያልነው። እየሰራ ከነበረ አንሲብል አይነካውም። ቆሞ ከነበረ ያስነሳዋል። ስለዚህ ይሄን ፕሌይቡክ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ሙሉ እያለ ብትሮጡት ማንም አይረበሽም። «ሪስታርትድ» ግን ሌላ ነው። እሱን ከጻፋችሁ በሮጣችሁ ቁጥር ሰርቪሱ ወድቆ ይነሳል፣ ደህና የነበረውም ጭምር። በእኔ እምነት «ሪስታርትድ» በተራ ተግባር ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቦታው ሃንድለር ውስጥ ነው፤ እሱን ወደታች እናየዋለን።

ለፖስትግሬስና ለሽያጭ ፕሮግራሙም እንደዚሁ አድርጉ። በ«አንሲብል-ፕሌይቡክ» ስትሮጡት መጨረሻ ላይ በየከተማው አንድ መስመር ይወጣል። «ኦኬ» ማለት እንደተፈለገው ነው። «ቼንጅድ» ማለት ለውጥ ተደርጓል ነው። «አንሪቸብል» ማለት ሰርቨሩ ጋ አልተደረሰም ነው፤ ምናልባት እዚያ መብራት የለም። ወዲያው ደግማችሁ ሩጡት። በሁለተኛው ላይ «ቼንጅድ» ዜሮ ካልሆነ ፕሌይቡኩ ውስጥ በሮጠ ቁጥር የሚነካካ ነገር አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት።

የሰርቪስ ስም በየስርጭቱ ይለያያል። ኤስኤስኤች በኡቡንቱ «ኤስኤስኤች» ነው፣ በሬድሃት ወገን «ኤስኤስኤችዲ»። ክሮን እዚያ «ክሮንድ» ይባላል፣ «አፓቼ2» ደግሞ «ኤችቲቲፒዲ»። ሁለቱን የምትቀላቅሉ ከሆነ ስሙን በቫሪያብል ያዙት።

የራሳችን ፕሮግራም፦ አምስት ጊዜ ሞክሮ የሚተወው

ኤንጂንኤክስና ፖስትግሬስ የዩኒት ፋይላቸውን፣ ማለትም ሲስተምዲ እንዴት እንደሚያስነሳቸው የሚነግረውን ፋይል፣ ይዘው ይመጣሉ። የሽያጭ ፕሮግራሙን ግን የምንጽፍለት እኛ ነን፣ ፋይሉም በ«ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም» ስር ይቀመጣል። አብዛኛው «ሲስተም የለም» የሚወለደው እዚህ ነውና ትንሽ እንቆይበት።

መብራት በድንገት ሄዶ ሲመጣ ፖስትግሬስ ቶሎ አይከፍትም። መጀመሪያ ያልጨረሰውን ጽሑፍ ከማስታወሻው አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። በዚህ መሃል የሽያጭ ፕሮግራሙ ተነስቶ ዳታቤዙን ይጠራል፣ መልስ ያጣል፣ ይወድቃል። ዩኒት ፋይሉ ላይ «ሪስታርት=ኦን-ፌይለር» ካለ ሲስተምዲ መልሶ ያስነሳዋል። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ችግሩ ሌላ ካልነገርነው በየሙከራው መሃል የሚጠብቀው 100 ሚሊሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳና ከወደቀ ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል። ቶሎ የሚወድቅ ፕሮግራም አምስቱን ሙከራ በአንድና ሁለት ሴኮንድ ይጨርሳል። ፖስትግሬስ ሲከፍት የሚጠብቀው የለም። ሁኔታውን ስታዩ «ስታርት ሪኩዌስት ሪፒትድ ቱ ኩዊክሊ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ሰው ገብቶ እስኪያስነሳው ድረስ እንደወደቀ ይቀራል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ሪስታርትሰክ=10»። በየሙከራው መሃል 10 ሴኮንድ ካለ አምስቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ አይሞሉም፣ ሲስተምዲም አይሰለችም። «አፍተር=» በሚለው ላይ ደግሞ ፖስትግሬስንና «ኔትወርክ-ኦንላይን» ታርጌትን ጻፉ፤ ኔትወርኩን «ዋንትስ=» ላይም ጨምሩት። ይሄ ቅደም ተከተሉን ያስይዛል፣ ግን ብቻውን አይበቃም።

ፋይሉን በአንሲብል «ቴምፕሌት» ሞጁል ላኩት። ዩኒት ፋይል በተለወጠ ቁጥር ሲስተምዲ እንደገና እንዲያነበው «ዴመን_ሪሎድ፦ ትሩ» ያስፈልጋል። ይሄ ከተረሳ ሰርቪሱን ብታስነሱትም የሚሄደው በአሮጌው ትዕዛዝ ነው።

ኮንፊግ ሲለወጥ፦ ሃንድለር

ሃንድለር ማለት ለውጥ ከመጣ ብቻ የሚሰራ ተግባር ነው። የኤንጂንኤክስ ኮንፊግ የሚልከው ተግባር ስር «ኖቲፋይ» ብላችሁ የሃንድለሩን ስም ትጽፋላችሁ። ፋይሉ ካልተለወጠ ሃንድለሩ አይጠራም። አምስት ፋይል ቢለወጥም አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ይሰራል።

ለኤንጂንኤክስ ሃንድለሩ «ሪሎድድ» ይሁን። የተያዘው ግንኙነት ሳይቆረጥ አዲሱን ኮንፊግ ያነባል። ሪሎድ የማያውቅ ፕሮግራም ከሆነ ብቻ «ሪስታርትድ»።

«ቫሊዴት» የሚባለውን አማራጭም ተጠቀሙበት። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ቦታ ከመቀመጡ በፊት ይፈተሻል። ለዋናው የኤንጂንኤክስ ኮንፊግ «ኤንጂንኤክስ -ቲ -ሲ»፣ ለኤስኤስኤች «ኤስኤስኤችዲ -ቲ -ኤፍ»፣ ለሱዶ ፋይል «ቪሱዶ -ሲኤፍ»፤ ሁሉም መጨረሻ ላይ የፐርሰንት ምልክትና ኤስ ይከተላቸዋል። የተሳሳተ ፋይል ከሆነ አንሲብል እዚያው ይቆማል፣ ሱቁ በአሮጌው ይቀጥላል።

ሃንድለር አንድ ወጥመድ አለው። ፋይሉ ተለውጦ፣ ሃንድለሩ ሳይደርስ ሌላ ተግባር ከወደቀ ሃንድለሩ ይዘለላል። ችግሩን አስተካክላችሁ ስትደግሙት ፋይሉ «ተለውጧል» አይባልም፤ ቀድሞ ተለውጧላ። ስለዚህ ማንም ሪሎድ አያደርገውም። ለዚህ «--ፎርስ-ሃንድለርስ» አለ።

ወደ ቅርንጫፎቹ ስንልከው

መጀመሪያ «--ቼክ --ዲፍ» ጨምራችሁ ሩጡት። ምን ሊለወጥ እንደሆነ ያሳያል፣ ምንም አይነካም። ከዚያ «--ሊሚት ሞጆ» ብላችሁ አንዱን ብቻ ሞክሩ። ሞጆን የመረጥኩት ቅርብ ስለሆነ ነው። የሆነ ነገር ቢበላሽ ሄዶ መመለስ ቀላል ነው፤ መተሐራ ድረስ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሁሉንም ስትልኩ ፕሌይቡኩ ላይ «ሲሪያል፦ 1» ጻፉ። አንዱን ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው፣ ሃንድለሩም በየተራው ይሰራል። አንዱ ከወደቀ ይቆማል፣ የቀሩት አይነኩም። ነገር ግን መብራት የጠፋበት ቅርንጫፍም እንደወደቀ ይቆጠራል፣ ከሱ በኋላ ያሉት ሳይደርሳቸው ይቀራሉ። መተሐራ መብራት እንደሌለ ካወቃችሁ በ«--ሊሚት» ላይ ከብራንችስ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና የቃለ አጋኖ ምልክት አድርጋችሁ ስሙን አውጡት።

ሰርቪሱ «አክቲቭ» ነው ማለት ደንበኛው ይስተናገዳል ማለት አይደለም። በመጨረሻ በ«ዩአርአይ» ሞጁል የሽያጩን ገጽ ጥሩ፣ 200 እስኪመልስ በ«ሪትራይስ» እና በ«ዲሌይ» ደጋግሙ።

በጣም የምትጠነቀቁት የቆማችሁበትን ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ነው፤ ማለትም ዋየርጋርዱንና ኤስኤስኤችን ስትነኩ። ኤስኤስኤች ሪስታርት ሲደረግ የተከፈተ ተርሚናል አይዘጋም፤ ስለዚህ አንዱን ክፍት አድርጋችሁ በሌላ አዲስ መስኮት መግባት መቻላችሁን ፈትሹ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፖርት የምትቀይሩ ከሆነ በሩን የያዘው «ኤስኤስኤች.ሶኬት» መሆኑን እወቁ፤ ዴመን-ሪሎድ አድርጋችሁ እሱን ነው ሪስታርት የምታደርጉት።

ለዋየርጋርድ ደግሞ መመለሻ አስቀምጡ። አሮጌውን ኮንፊግ ኮፒ አድርጉ። ከዚያ በ«ሲስተምዲ-ረን» ከ«--ኦን-አክቲቭ=10ኤም» ጋር፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ኮፒውን መልሶ ሰርቪሱን የሚያስነሳ ትዕዛዝ ያዙ። በ«--ዩኒት» ስም ስጡት። አዲሱ ኮንፊግ ከሰራ ገብታችሁ ታይመሩን ታቆማላችሁ። ካልሰራ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ጠብቁ፤ በራሱ ይመለሳል።

ሲወድቅ ማንበብ

«ጆርናልሲቲኤል -ዩ» ብላችሁ የሰርቪሱን ስም ጻፉ፣ «-ኤን 50» ካላችሁ የመጨረሻዎቹን 50 መስመሮች ታያላችሁ። መብራት ከመሄዱ በፊት የሆነውን ለማየት «-ቢ -1»።

ሰዓቱ እንዳያሳስታችሁ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ሎጉ ላይ 6:00 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሦስት ቀንሱ በቃ። የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ ካዛወራችሁት ደግሞ ስድስት ነው የምትቀንሱት። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ዩቲሲ፣ ሌላው አዲስ አበባ ከሆነ የትኛው ቀድሞ እንደወደቀ ለማወቅ ትደናገራላችሁ።

አዲስ ሱቅ ወለንጪቲ ቢከፈት ስራው አጭር ነው። ዋየርጋርዱን አገናኙ፣ ተጠቃሚውንና ቁልፉን አስገቡ፣ ኢንቬንተሪው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ፕሌይቡኩን በሱ ላይ ብቻ ሩጡ። ሱቁ ስራ ከመጀመሩ በፊት ግን ሰርቨሩን በትክክል ዘግታችሁ መልሳችሁ አብሩት፣ ሁሉም ሳይነካ መነሳቱን እዩ።